የወንድምህ ደም በመንገድ ዳር

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፣ አሜን።

የዛሬው ንግግራችን ስለ መኪና አደጋ፣ ይልቁንም መንዳት ሳይማሩ መሪ ስለሚጨብጡ ሰዎችና ቁልፉን ስለሚሰጧቸው ባለንብረቶች ነው። ይህ የትራፊክ ፖሊስ እንጂ የቤተ ክርስቲያን ጉዳይ አይደለም የሚል ቢኖር፣ የሰው ደም የፈሰሰበት ነገር ሁሉ የቤተ ክርስቲያን ጉዳይ መሆኑን ያስብ።

ከወልድያ ተነሥቶ አላውሃን ተሻግሮ በጎብዬና በሮቢት በኩል ቆቦ የሚደርሰውን፣ ከዚያም በዋጃ አድርጎ ወደ አላማጣ የሚያልፈውን ጎዳና ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ። ተራራውን ወርዶ የራያን ሜዳ የያዘ ነጂ መንገዱ እንደ ገመድ ተዘርግቶ ሲያየው እግሩ ነዳጅ መስጫውን ለመርገጥ ይቸኩላል። ዳሩ ግን ሜዳው ባዶ አይደለም። ማሽላው ከሰው ቁመት በላይ በሚሆንበት ወራት ከእርሻው ብቅ የሚለውን ሕፃን ከሩቅ ማየት አይቻልም። ግመሉ፣ ከብቱ፣ ውኃ የጫነችው አህያ፣ ለገበያ የወጣችው እናት፣ ለቅዳሴ የሚገሠግሠው ካህን ሁሉ በዚያው አስፋልት ዳር ያልፋሉ። ልምድ ያለው ነጂ ይህን ያውቃልና አስቀድሞ ፍጥነቱን ይቀንሳል። ያልተማረው ግን ፍሬን የሚይዘው ሰውየውን ካየ በኋላ ነው፤ ያን ጊዜ ደግሞ ሰዓቱ አልፏል።

መኪና ታላቅና ታናሽ አይለይም። በሮምና በቶኪዮ የማራቶን ድል ያገኘው አበበ ቢቂላ በመጋቢት 1961 ዓ.ም. ሸኖ አጠገብ መኪናውን ሲነዳ አደጋ ደርሶበት፣ ዓለም ያደነቃቸው እግሮቹ ዳግመኛ አልቆሙለትም። ያ የሸኖ መንገድ በደሴ በኩል እስከ ቆቦ የሚዘልቀው ጎዳና ነው።

አሁን አንድ ምሳሌ እናንሣ። አንድ አባት ባጃጅ ገዛ እንበል። ልጁ አሥራ ስድስት ዓመቱ ነው፤ መንጃ ፈቃድ የለውም። አባትየው ግን «ሠፈር ውስጥ ብቻ ነው፤ ልጁም ጎበዝ ነው» ብሎ ቁልፉን ሰጠው። ወይም አንድ የጭነት መኪና ሾፌር እንቅልፍ ቢጫነው መሪውን ለረዳቱ ለቀቀለት። በዚያ ቀን ሰው ተገጭቶ ሞተ። በለቅሶው ቤት የሚሰማው ቃል ምንድን ነው? «ቀኑ ደርሶ ነው፤ የእግዚአብሔር ፈቃድ ነው» የሚል ነው። ልጇን የቀበረች እናት ይህን ብትል እምነት ነው፤ መጽናኛዋም ነው። ቁልፉን የሰጠው ሰው ይህን ቢል ግን የራሱን ዕዳ በእግዚአብሔር ስም መጻፉ ነው።

ቅዱስ መጽሐፍ በዚህ ነገር ግልጽ ነው። በኦሪት ዘጸአት ምዕራፍ 21፣ በሬው ተዋጊ መሆኑ ተነግሮት ሳያስረው የቀረ ሰው በሬው ለገደለው ሰው ደም ይጠየቃል። በዘዳግም ምዕራፍ 22፣ ቤት የሚሠራ ሰው ሌላው ወድቆ እንዳይሞት ለሰገነቱ መከታ እንዲያደርግ ታዝዟል። በምዕራፍ 19 ደግሞ፣ እንጨት ሲቈርጥ መጥረቢያው ወልቆ ባልንጀራውን የገደለ ሰው ነፍሱን እንዲያድን የመማጸኛ ከተማ ተሰጥቶታል። ነገር ግን ምንም እንዳልሆነ ወደ ቤቱ ተመለስ አልተባለም። ሳያስብ ቢገድልም የሞተው ሰው ሞቷልና።

የአገራችንም ሕግ ከዚህ አይርቅም። በ1952 ዓ.ም. የታወጀው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 2081፣ ባለመኪናው መኪናው ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ መሆኑን ይደነግጋል፤ የነዳው እንዲነዳ ያልተፈቀደለት ሰው ቢሆንም እንኳ። መኪናው ያን ጊዜ ተሰርቆበት እንደ ነበረ ያስረዳ ባለቤት ግን ኃላፊ አይሆንም። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ ደግሞ በቁጥር 543፣ በቸልተኝነት ሰው የገደለ ነጂ ከአንድ እስከ አምስት ዓመት ቀላል እሥራት እንደሚጠብቀው ይናገራል። ግልጽ ደንብ አውቆ ቢጥስ፣ ወይም ጠጥቶ ቢነዳ፣ ወይም ሁለትና ከዚያ በላይ ሰዎች ቢሞቱ ከአምስት እስከ አሥራ አምስት ዓመት ጽኑ እሥራት ነው። ለሦስተኛ ወገን ኢንሹራንስ መግባትም በአዋጅ የታዘዘ ነው፤ ነገር ግን ኢንሹራንስ ካሣ ይከፍላል እንጂ ለኅሊና አይከፍልም።

በራያ ቆቦ ዘወልድ የሚባል የቈየ የሽምግልና ሥርዓት አለ። ቂም እንዲደርቅና ደም እንዳይመላለስ የሚደክሙ ሽማግሌዎች የተመሰገኑ ናቸው፤ የሚያስተራርቁ ብፁዓን እንደ ሆኑ ጌታችን አስተምሯልና። ዕርቅ ግን እውነትን የሚሸፍን መጋረጃ እንዳይሆን እንጠንቀቅ። ልጁን ለማዳን ሲል ሌላውን ሰው «እኔ ነበርሁ የነዳሁት» ብሎ እንዲመሰክር የሚያደርግ አባት በአንድ ደም ላይ ሐሰትን ጨመረ እንጂ ልጁን አላዳነም። የተጎዳውን በመንገድ ጥሎ የሚሸሽም ወንድሙ ወዴት እንዳለ ሲጠየቅ አላውቅም ያለውን ቃየልን መሰለ።

አንተ ሰው ገጭተህ እንቅልፍ ያጣህ ወጣት ሆይ፣ ተስፋ አትቍረጥ። የምሕረት በር አልተዘጋብህም። ወደ ንስሐ አባትህ ሂድ፤ በፍርድ ፊትም እውነቱን ተናገር። ዘኬዎስ ንስሐ በገባ ጊዜ የበደለውን አራት እጥፍ ለመመለስ ቃል ገባ እንጂ በእንባ ብቻ አላለፈም። አንተም የሟቹን ልጆች አስብ፤ ጓሮአቸው ሳይታረስ እንዳይቀር፣ ደብተራቸው እንዳይጎድል።

ባለንብረቶች ሆይ፣ ቁልፍ ስትሰጡ የሰው ነፍስ እንደምትሰጡ አስቡ። ወላጆች ሆይ፣ ልጃችሁ ቢያኰርፍባችሁ ይሻላል፤ ኩርፊያ ያልፋል፤ መቃብር ግን አይመለስም። እናንተም ተማሪ ነጂዎች፣ ፈቃዱ ወረቀት ነው፤ ትዕግሥቱ ግን ከእናንተ ይጠበቃል።

ወጥተን በሰላም እንድንገባ፣ ማንንም ሳናስለቅስ እንድንገባ፣ አምላካችን ይርዳን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።