የስልክ ሙዚቃ በአሮጌው የመኪና ራዲዮ

በማኅበሩ ዓመታዊ ስብሰባ ላይ ለአባላት የቀረበ ንግግር



የመኪና ዕድሜና የሙዚቃ መሣሪያ ዕድሜ እኩል አይሄዱም። በሚገባ የተያዘ መኪና ሠላሳና አርባ ዓመት ሲያገለግል፣ የሙዚቃ መሣሪያ ግን በየጊዜው መልኩን ይለውጣል። ፊሊፕስ ካሴትን ያስተዋወቀው እ.ኤ.አ. በ1963 ነበር። ሶኒ በ1979 ዎክማንን፣ በ1984 ደግሞ በእጅ የሚያዘውን የሲዲ ማጫወቻ አወጣ። በ2001 አይፖድ መጣ፤ ከዚያም ወዲህ የእጅ ስልክ ዘፈኑን ሁሉ ጠቅልሎ ያዘው። በክሩስኮቱ ውስጥ የተቀመጠው ራዲዮ ግን መኪናው ከፋብሪካ በወጣበት ዘመን ተወስኖ ይቀራል። በአገሪቱ መንገዶች ላይ ከሚታዩት መኪናዎች ጥቂት የማይባሉት ዛሬም ከካሴትና ከሲዲ በቀር ሌላ የማይቀበል ራዲዮ ይዘው ይሄዳሉ። መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2024 መጀመሪያ በነዳጅ የሚሠሩ የግል መኪናዎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከከለከለ በኋላ ደግሞ ያሉት መኪናዎች ይበልጥ ረዘም ላለ ጊዜ ማገልገላቸው የማይቀር ነው። በዚያው ዓመት በሐምሌ ወር የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ከውጭ የሚመጣው ራዲዮ ለብዙ ባለመኪና የሚቀመስ አልሆነም።

ስለዚህም ባለመኪናው ወደ ጥገና ቤት መጥቶ የሚያቀርበው ጥያቄ የታወቀ ነው። «ስልኬን ከዚህ ቴፕ ጋር አገናኙልኝ» ይላል። የሚሰጠውም መልስ አብዛኛውን ጊዜ «ይህ አሮጌ ነው፤ ይነቀልና አዲስ ይገጠም» የሚል ነው። ይህ መልስ ለሻጭ ይስማማ ይሆናል፤ ባለሙያን ግን አያስከብርም። የአሮጌው ራዲዮ ማጉያ ይሠራል፤ ስፒከሮቹም ይናገራሉ፤ የኤሌክትሪኩም መሥመር በፋብሪካ የተዘረጋ ነው። የጎደለው ነገር ቢኖር የስልኩ ድምፅ የሚገባበት በር ብቻ ነው። በር ለማውጣት ሲባል ደግሞ ቤት አይፈርስም።

ከዚህም በላይ፣ አዲስ ተብሎ የሚገጠመው ርካሽ ራዲዮ ሁልጊዜ ከአሮጌው ይሻላል ለማለት አይቻልም። በሣጥኑ ላይ ለእያንዳንዱ ስፒከር 50 ዋት እንደሚሰጥ ይጻፍ እንጂ፣ ከመኪናው 14.4 ቮልት ብቻ የሚያገኝ ማጉያ በ4 ኦም ስፒከር ላይ ድምፁ ሳይዛባ ሊያወጣ የሚችለው ኃይል በስሌት እንኳ 26 ዋት አይሞላም፤ በተግባርም ከ20 ዋት ብዙ አያልፍም። ነጋዴው ይህን አይናገርም፤ ቢጠየቅም ላያውቀው ይችላል። አዲሱን ለመግጠም ሲባልም ብዙ ጊዜ የፋብሪካው ሶኬት ይቆረጣል፤ ሽቦዎቹም እርስ በርስ ተጠምዝዘው በፕላስተር ይጠቀለላሉ። ከጊዜ በኋላ ሾርት የሚፈጠረው እንዲህ ባለው ጥቅልል ውስጥ ነው።

ለድምፁ መግቢያ ከሚሆኑት በሮች ሁሉ ቅርቡ የካሴቱ አፍ ነው። የካሴት ቅርፅ ያለው ማገናኛ በገበያ ላይ ብዙ ዘመን የቆየ ቢሆንም፣ አሠራሩን አጥርቶ የሚያስረዳ ሻጭ እምብዛም አይገኝም። በውስጡ ክር የለበትም። ክሩ በሚያልፍበት ቦታ ላይ፣ በራዲዮው ውስጥ ካለው «ሄድ» ጋር ፊት ለፊት የሚገናኝ ሌላ ሄድ ተተክሏል። ከስልኩ የሚመጣው የድምፅ ጅረት በዚህ ሄድ ጥቅል ሽቦ ውስጥ ሲያልፍ እየተለዋወጠ የሚሄድ የማግኔት መስክ ይፈጥራል፤ የራዲዮውም ሄድ ይህን መስክ በሰከንድ 4.76 ሴንቲሜትር እየተጓዘ ከሚያልፍ ክር እንደ መጣ አድርጎ ይቀበለዋል። እንዲያውም ክር ባለመኖሩ፣ የደከመ ሞተርና የላላ ጎማ በካሴት ላይ የሚያስከትሉት የድምፅ መርገብገብ እዚህ ላይ አይታወቅም።

ችግሮቹ የሚመጡት በሌላ በኩል ነው። ማገናኛው የሚናገረው በአንድ ፊቱ ብቻ ስለ ሆነ፣ ካሴትን በራሱ የሚገለብጥ ራዲዮ ወደ ሌላው ፊት በዞረ ጊዜ ድምፁ ይጠፋል፤ ባለመኪናውም ማገናኛው የተበላሸ ይመስለዋል። መፍትሔው የአቅጣጫውን ቁልፍ መልሶ መጫን ነው። በማገናኛው ውስጥ ያሉት ትንንሽ ጥርሶች የሚሽከረከሩት ራዲዮው «ክሩ ቆሟል» ብሎ እንዳይተፋው ለማታለል ሲሆን፣ ሲያረጁ ይንቋቋሉ። አንዳንድ ሰው መንቋቋቱ ሲሰለቸው ጥርሶቹን ነቅሎ ይጥላቸዋል፤ በአንዳንድ ራዲዮ ላይ ይህ ይሠራል፣ በሌላው ላይ ግን ማገናኛው ወዲያው ተመልሶ ይወጣል። ድምፁ የታፈነ ሲሆን አስቀድሞ ሄዱን በአልኮል መጥረግ፣ ቀጥሎም የዶልቢ ቁልፍ ተዘግቶ እንደ ሆነ መመልከት ያስፈልጋል። ከስልክ የሚመጣ ድምፅ በዶልቢ ያልተቀረጸ በመሆኑ ቁልፉ ክፍት ከሆነ ቀጭኑን ድምፅ ያለ አግባብ ይቀንሰዋል። ይህን ያህል ጥንቃቄ ከተደረገለት፣ ካሴት ላለው መኪና ከዚህ የበለጠ ርካሽና ቀላል መንገድ የለም።

በገበያ በብዛት የሚሸጠው ግን ሌላው፣ ማለትም በሲጋራ መለኮሻው ቀዳዳ ላይ የሚሰካው ትንሽ የኤፍ ኤም አስተላላፊ ነው። ስልኩን በብሉቱዝ ተቀብሎ በአየር ላይ ይበትነዋል፤ ራዲዮውም በአንቴናው ይለቅመዋል። የሚሸጠውን ያህል ግን ምስጋና አይገባውም። ኃይሉ በሕግ የተወሰነ ነው፤ ለምሳሌ በብሪታንያ እ.ኤ.አ. እስከ ታኅሣሥ 2006 ድረስ ጨርሶ የተከለከለ ነበር፤ ከዚያ በኋላ ሲፈቀድም ከ50 ናኖዋት እንዳይበልጥ ተደርጎ ነው። አዲስ አበባን በመሰለ፣ 97.1፣ 98.1፣ 102.1፣ 105.3 እያለ ሰሌዳው በጣቢያ በተሞላ ከተማ ውስጥ ይህ ደካማ ድምፅ ነጻ ቦታ ማግኘቱ ያዳግተዋል። በአንድ ሰፈር ባዶ የነበረው ቦታ በሌላው ሰፈር ይያዛል፤ ሹፌሩም አንድ እጁን ከመሪው አንሥቶ ቁጥር ሲፈልግ ይገኛል። መንገድ በተጨናነቀ ጊዜ የአንዱ መኪና ዘፈን በጎረቤቱ ራዲዮ የሚሰማበትም አጋጣሚ አለ። ኃይሉን ከፍ አድርጎ የሚሠራ ባለሙያ ደግሞ ጥፋተኛ ነው፤ የአየር ሞገድ የሁሉም ሀብት እንጂ የአንድ መኪና አይደለም።

አስተላላፊው በእርግጥ የሚጠቅምበት አንድ ሁኔታ አለ። ለጃፓን ገበያ የተሠራ አሮጌ ራዲዮ የሚቀበለው በተለምዶ ከ76 እስከ 90 ሜጋ ኸርዝ ያለውን ብቻ ነው። ባለቤቱ ከከተማው ጣቢያዎች አንዱንም ሲያጣ ራዲዮው የተበላሸ ይመስለዋል። አስተላላፊው የሚጀምረው ከ87.5 ስለ ሆነ፣ ከ87.5 እስከ 90 ባለችው ጠባብ ቦታ ሁለቱ ይገናኛሉ። ከዚህ የሚሻለው ግን አየሩን ሳይነካ በአንቴናው ሽቦ መካከል የሚገባው ባለ ሽቦ ዐይነት ነው፤ ስልኩ ሲጫወት አንቴናውን ስለሚቆርጠው ሌላ ጣቢያ ጣልቃ አይገባበትም።

ራዲዮው በፊቱ ላይ የ3.5 ሚሊሜትር ቀዳዳ ካለው ብዙ ማለት አያስፈልግም፤ ሁለት ጫፍ ያለው ገመድ ይበቃል። እ.ኤ.አ. በ2016 አይፎን 7 ያለዚህ ቀዳዳ ከወጣ ወዲህ ግን ብዙ ስልኮች ቀዳዳው የላቸውም፤ መለወጫም ያስፈልጋል። ለታይፕ ሲ ስልኮች የሚሸጠው መለወጫ ሁለት ዐይነት መሆኑን ለደንበኛው መንገር ይገባል። አንደኛው ዲጂታሉን ወደ ድምፅ የሚለውጥ ቺፕ በውስጡ አለው፤ ሌላው ግን ስልኩ ራሱ ለውጦ እንዲሰጠው የሚጠብቅ ተራ ሽቦ ነው። የኋለኛው በብዙ ስልኮች ላይ ዝም ይላል።

አሁን የዚህ ንግግር ዋና ጉዳይ ወደ ሆነው፣ ማለትም ራዲዮውን ከፍቶ በር ወደ ማውጣቱ ሥራ መድረስ ይቻላል። የድምፁ መጠን በሚዞር ቁልፍ የሚስተካከል፣ ቁልፉም ዞሮ ዳር ላይ የሚቆም ከሆነ፣ በውስጡ እውነተኛ ተለዋዋጭ ሬዚስተር አለ ማለት ነው። የራዲዮውም የካሴቱም ድምፅ ተመርጦ የሚደርሰው ወደዚህ ሬዚስተር የላይኛው እግር ሲሆን፣ ከመካከለኛው እግር ወደ ማጉያው ያልፋል፤ ሦስተኛው መሬት ነው። በላይኛው እግር ላይ ያለው ድምፅ መጠኑ በጥቂት መቶ ሚሊቮልት የሚቆጠር በመሆኑ ስልክ ከሚሰጠው ጋር ይቀራረባል። በሩ የሚወጣው እዚህ ነው።

ከተጣለ ትንሽ ራዲዮ ወይም ሲዲ ማጫወቻ ላይ ባለ አምስት እግር የ3.5 ሚሊሜትር ጃክ ይነቀላል። ይህ ዐይነቱ ጃክ ምንም ነገር ሳይሰካበት በውስጡ ያሉት ሁለት ቅጠሎች የተገናኙ ናቸው፤ ሲሰካበት ግን ይላቀቃሉ። ስለዚህ ወደ ላይኛው እግር የሚሄደው መሥመር ይቆረጥና በእነዚህ ቅጠሎች በኩል እንዲያልፍ ይደረጋል። ስልኩ ካልተሰካ ራዲዮው እንደ ቀድሞው ይናገራል፤ ሲሰካ የራዲዮው ድምፅ በራሱ ተቆርጦ የስልኩ ይገባል። ሌላ ማብሪያ ማጥፊያ አያስፈልግም። ሽቦው መሬት በለበሰ ሽቦ መሆን አለበት፤ ከጃኩ ወደ ሬዚስተሩ በሚሄደው በእያንዳንዱ መሥመር ላይም ቀጥተኛ ጅረትን የሚያግድ ካፓሲተር ይገባል። የካፓሲተሩ መጠን በግምት አይመረጥም። ሬዚስተሩ 10 ኪሎ ኦም ሆኖ 0.1 ማይክሮፋራድ ቢገባ ከ160 ኸርዝ በታች ያለው ወፍራም ድምፅ ይሰለባል፤ 1 ማይክሮፋራድ ቢሆን ግን ወሰኑ ወደ 16 ኸርዝ ስለሚወርድ ጆሮ ከሚሰማው አንዳች አይጎድልም። ራዲዮው ባለ አንድ ስፒከር ከሆነ የስልኩ ግራና ቀኝ በቀጥታ አይታሰሩም፤ በእያንዳንዳቸው ላይ 1 ኪሎ ኦም ገብቶ ከዚያ በኋላ ይገናኛሉ፤ ያለዚያ የስልኩ ሁለት ማጉያዎች እርስ በርስ ይታገላሉ።

ቁልፉ ያለ ማቋረጥ የሚዞር ወይም የሚጫን ከሆነ ይህ ዘዴ አይሠራም፤ መጠኑን የሚወስነው ቺፕ ነውና የሰርኪቱን ሥዕል መፈለግ፣ ወይም ከኋላ ለሲዲ መለዋወጫ ተብሎ የተተወ ሶኬት መኖሩን ማየት ይገባል። የስልኩን ገመድ ከስፒከር ሽቦ ጋር ማገናኘት ግን በምንም ምክንያት አይፈቀድም። በብዙ የመኪና ማጉያዎች ላይ ሁለቱም የስፒከር ሽቦዎች ከመሬት በላይ 6 ወይም 7 ቮልት ይዘው ይቆማሉ፤ ስልኩን ለማቃጠል ይህ ይበቃል። ደግሞም ራዲዮውን ከመንቀል በፊት የሚስጥር ቁጥሩን ባለቤቱ ያውቀው እንደ ሆነ መጠየቅ ያስፈልጋል። ኤሌክትሪክ ሲቋረጥበት ቁጥር ካልሰጡኝ አልከፈትም የሚል ራዲዮ ብዙ ነው።

ይህ ሥራ የሚጠይቀው ገንዘብ ሳይሆን ትዕግሥትና ሰርኪት ማንበብ ነው። ከጥገና ቤቶችም እየጠፋ የሄደው በዚሁ ምክንያት ነው። አዲስ ራዲዮ ሸጦ የሚገኘው ትርፍ ከእጅ ዋጋ ይበልጣል፤ ተለማማጁም የሚማረው ሣጥን መክፈትን እንጂ ራዲዮ መክፈትን አልሆነም። ለዕቃው የሚወጣው ገንዘብ ከቁጥር የማይገባ ቢሆንም ባለሙያው የእጅ ዋጋውን በግልጽ ተናግሮ ሊያስከፍል ይገባዋል እንጂ፣ ዕቃው ርካሽ ስለ ሆነ ሥራውን በነጻ ወይም በይሉኝታ መሥራት የለበትም። እንዲህም ሆኖ ደንበኛው የሚከፍለው ለአዲስ ራዲዮ ከሚያወጣው በእጅጉ ያነሰ ይሆናል።

የሚቀረው የፉጨቱ ጉዳይ ነው። ስልኩ በመኪናው ኤሌክትሪክ እየተሞላ ሲጫወት፣ ነዳጅ በተረገጠ ቁጥር አብሮ እየቀጠነ የሚወጣ ፉጨት ይሰማል። ምክንያቱም ስልኩ መሬት የሚያገኘው በሁለት መንገድ፣ በቻርጀሩና በድምፁ ገመድ በኩል በመሆኑ ነው፤ የዲናሞው ጅረት በመኪናው አካል ላይ የሚፈጥረው ጥቂት የቮልት ልዩነትም በድምፁ ገመድ መሬት ላይ ይንሸራሸራል። ቻርጀሩ ሲነቀል ፉጨቱ ከጠፋ ጥርጣሬ የለም። ለቻርጀሩ የሚሄደውን ኔጋቲቭ ከራዲዮው መሬት ጋር በአንድ ነጥብ ማሰር ብዙ ጊዜ ይበቃል፤ ካልበቃም በድምፁ ገመድ መካከል ሁለት ትንንሽ አንድ ለአንድ ትራንስፎርመሮች ይገባሉ። በጣም ትንንሾቹ ወፍራሙን ድምፅ በመጠኑ እንደሚቀንሱ መታወቅ አለበት።

ሽቦው ከማርሽ ዘንጉና ከፔዳሎቹ ርቆ፣ ከክሩስኮቱ በስተጀርባ ታስሮ ይዘረጋል። ከዚያም ሞተሩ ይነሣል፤ መብራቱና የዝናብ መጥረጊያው ይከፈታሉ፤ ስልኩ ቻርጀር ላይ ሆኖ ዘፈኑ ይቆምና የራዲዮው ድምፅ እስከ ግማሽ ከፍ ይደረጋል። በዚያ ጸጥታ ውስጥ ፉጨት ከተሰማ ሥራው አላለቀም። ካልተሰማ ባለቤቱ ራሱ መሪው ላይ ተቀምጦ ጃኩን አንድ ጊዜ ሰክቶ እንዲነቅለው ይደረጋል፤ በነቀለው ጊዜ የራዲዮው ጣቢያ ድምፅ መመለሱን በጆሮው ሰምቶ ሒሳቡን ይከፍላል።