ነጥቡን ሳይስቱ ማረፍ
በደጋ አገር ስለሚደረግ የአብራሪ ልምምድ የቀረበ ንግግር



አንድ ተማሪ አብራሪ ለብቃት ፈተና ሲዘጋጅ ብዙ ከሚያደክሙት ልምምዶች አንዱ፣ አስቀድሞ በተመረጠ ነጥብ ላይ ማረፍ ነው። አይሮፕላንን በረጅም ማኮብኮቢያ ላይ በደኅና ማሳረፍ አንድ ነገር ሲሆን፣ በተባለው ሥፍራ ማሳረፍ ግን ሌላ ነው። ለምሳሌ በአሜሪካ ለንግድ አብራሪነት ፈቃድ በሚሰጠው ፈተና፣ ተፈታኙ በነጥቡ ትይዩ ሲደርስ የሞተሩን ኃይል ይቀንስና ዞሮ ይወርዳል፤ ከነጥቡ ሳያጥር፣ ከ200 ጫማ ወይም ከ61 ሜትር ገደማ በላይም ሳያልፍ ጎማውን መሬት ማስነካት አለበት።

ይህን ልክ ለማርክ ብቻ የተቀመጠ አድርጎ የሚያይ ተማሪ አይጠፋም። የመንዝን፣ የግሼንና የመርሐቤቴን ምድር ከአየር ላይ የተመለከተ ሰው ግን ትርጉሙ ወዲያው ይገባዋል። አምባው ሜዳ መስሎ ይታይና በድንገት በገደል ይቆረጣል፤ ከሥሩ እንደ ወንጭትና እንደ ጀማ ያሉ ወንዞች ሸለቆዎች ተከፍተዋል። በዚያ ላይ የመንዝ ደጋ በብዙ ሥፍራ ከ3000 ሜትር በላይ ከፍ ያለ በመሆኑ አየሩ ስስ ነው።

የአየሩ መሳሳት የሚያመጣውን ለውጥ በቁጥር ማየት ይቻላል። በ3000 ሜትር ከፍታ የአየሩ ጥግግት በባሕር ወለል ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው። በመለኪያው ላይ 60 ኖት እየተነበበ የሚወርድ አይሮፕላን፣ ነፋስ ከሌለ፣ በመሬት ላይ የሚጓዘው ወደ 70 ኖት በሚጠጋ ፍጥነት ነው። ካረፈ በኋላም ለመቆም የሚፈጀው ርቀት በአንድ ሦስተኛ ገደማ ይጨምራል። የቀኑ ሙቀት ሲበረታ ደግሞ ልዩነቱ ይሰፋል።

አደጋው ከዚህ ይጀምራል። መሬቱ በፍጥነት ሲሮጥ የሚያየው ተማሪ «በዛብኝ» ብሎ አፍንጫውን ቀና ያደርጋል፤ በዚህ ጊዜ ክንፉ የመሸከም ኃይሉን ሊያጣ ይችላል። ስለዚህ ዓይኑን ለነጥቡ፣ እምነቱን ለፍጥነት መለኪያው መስጠት ይኖርበታል። ነጥቡ በመስተዋቱ ላይ ሳይንቀሳቀስ ከቆየ አወራረዱ ትክክል ነው። ወደ ላይ ከሸሸ አይሮፕላኑ ሊያጥር፣ ወደ ታች ከወረደ ሊያልፍ ነው ማለት ነው። ያለ ሞተር ኃይል ሲወርድ ያጠረውን አፍንጫ በማንሳት ማስረዘም አይቻልም፤ የተረፈውን ከፍታ ግን በፍላፕ ወይም በጎን በመንሸራተት መቀነስ ይቻላል። በገደል አፋፍ ላይ ነፋሱ ከአምባው ወደ ሸለቆው ሲነፍስ አይሮፕላኑን ወደ ታች ስለሚጫነው፣ ጥቂት ከፍታ አትርፎ መምጣት ይገባል።

ማረፉን ትቶ እንደገና መነሣትም በጊዜ የሚወሰን ነገር ነው። ተጨማሪ አየር የሚሰጥ መሣሪያ የሌለው ሞተር በዚህ ከፍታ ከኃይሉ ከሩብ በላይ ያጣል። በቆላ ያዳነ የዘገየ ውሳኔ በደጋ ላያድን ይችላል።

የዚህ ጥንቃቄ ዋጋ በ1977 ዓ.ም. በረሃቡ ዘመን በግሼ ራቤል ታይቷል። መኪና በቀላሉ በማይደርስበት በዚያ ደጋ፣ የእንግሊዝ አየር ኃይል ሄርኩለስ አይሮፕላኖች እህል የሞላባቸውን ጆንያዎች ያለ ጃንጥላ፣ ወደ መሬት በጣም ዝቅ ብለው እየበረሩ ጥለዋል። ከፍ ቢሉ ጆንያው ይፈነዳል፤ ዝቅ ቢሉ አይሮፕላኑ ከመሬት ይጋጫል፤ ቢዘገዩ እህሉ ከተመደበለት ሜዳ ያልፋል። ይህ ማረፍ ባይሆንም፣ የሚጠይቀው ችሎታ ግን ያው ነው፤ ፍጥነትን፣ ከፍታንና ነጥብን በአንድ ቅጽበት ማስማማት። በሜዳው ዳር ሆኖ ለሚጠብቀው ረሃብተኛ የጥቂት ሜትሮች ስሕተት የማርክ ጉድለት አልነበረም።

ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ለአሠልጣኞች ግልጽ ነው። ቦሌን በመሰለ፣ እርሱ ራሱ ከ2300 ሜትር በላይ ከፍ ባለ ረጅም ማኮብኮቢያ ላይ የሚለማመድ ተማሪ፣ ትርፍ መንገድ እንዳለው እያወቀ እንኳ የሌለ ያህል ማረፍን መልመድ ይገባዋል። እያንዳንዱ ማረፍ ነጥብ ይሰጠው፤ ያጠረውና ያለፈው ርቀት ይመዝገብ፤ ምክንያቱም በዚያው ዕለት ይመርመር። ፈታኙ በሌለበት ጊዜ ነጥቡን የማይስት አብራሪ፣ ማኮብኮቢያው በገደል በሚያበቃበት አገርም ሊታመን ይችላል።