ለልጃችን የትኛው መደረሳ ይሻላል?

አይን ሻምስ በተደረገው የወላጆች ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር

ክረምት በመጣ ቁጥር ከየቤቱ የሚነሳው ጥያቄ አንድ ነው፤ «የትኛው መደረሳ ይሻላል?» እኔ ግን ዛሬ የትምህርት ቤት ስም አልጠራላችሁም። ለጎረቤታችሁ ልጅ የተሻለው ለእናንተ ልጅ በሩ ዝግ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ በቅደም ተከተል ሦስት ነገር እንጠይቅ፤ የትኛው በር ክፍት ነው? ልጁ እዚያ ውስጥ እንዴት ይውላል? ሲጨርስስ ምን ወረቀት ይዞ ይወጣል?

ከበሩ እንጀምር። ግብፅ የ1951ን የስደተኞች ስምምነት በ1981 ስትቀበል በአንዳንድ አንቀጾች ላይ «ይህ እኔን አያስገድደኝም» የሚል ማሳሰቢያ አስመዝግባለች። ከእነዚያ አንዱ የአንደኛ ደረጃ ትምህርትን የሚመለከተው አንቀጽ 22 ነው። ከዚያ በኋላ በየጊዜው በወጡ የመንግሥት ውሳኔዎች ሱዳኖች፣ ደቡብ ሱዳኖች፣ ሶሪያዎችና የመኖች እንደ ግብፃዊ ልጅ መንግሥት ትምህርት ቤት እንዲገቡ ተፈቅዷል። እኛ ኢትዮጵያውያንና ኤርትራውያን ወንድሞቻችን ግን በአብዛኛው ከበሩ ውጭ ነን። አንድ ፎቅ ላይ የምንኖር ሁለት እናቶች፣ ሱዳናዊቷ ልጇን መንግሥት ቤት ስታስገባ ሐበሻዋ የምትመለሰው ለዚህ ነው። ጥፋቱ የእሷ አይደለም፣ የልጇም አይደለም።

ነገር ግን ሁለት ነገር ልብ በሉ። አንደኛ፣ አባቱ ግብፃዊ የሆነ ልጅ ግብፃዊ ነው፤ አባቱ ሱዳናዊ የሆነም በአባቱ ወረቀት መግባት ይችል ይሆናል። ለዚህ ሁሉ መሠረቱ የልደት ምስክር ወረቀት ነው። እዚህ አገር ልጅ በተወለደ በ15 ቀን ውስጥ በጤና ቢሮ መመዝገብ አለበት። ከአባትየው ጋር ብትጣሉም፣ ብትለያዩም፣ ይህቺን ወረቀት አትተዉ። ሁለተኛ፣ በታኅሣሥ 2017 (በፈረንጆቹ ዲሴምበር 2024) ግብፅ የራሷን የስደተኞች ሕግ፣ ቁጥር 164ን አውጥታለች፤ ስደተኛ ልጅ መሠረታዊ ትምህርት የማግኘት መብት እንዳለው ይናገራል። ሕግ ወጣ ማለት የኢዳራው ጸሐፊ ነገ በሩን ይከፍታል ማለት አይደለም። ቢሆንም «አምና አይቻልም ብለውኛል» ብላችሁ አትቅሩ፤ በየዓመቱ ሄዳችሁ ጠይቁ።

አሁን በሩ የተከፈተላችሁ ስሙኝ። ምዝገባ በመኖሪያ አድራሻ ነው። አይን ሻምስ የራሱ የትምህርት ኢዳራ አለው፤ መጠሪያም መርግም የየራሳቸው አላቸው። በአንድ ሜትሮ ስለምንመላለስ ሁሉም አንድ ሰፈር ይመስለናል እንጂ የቤት ኪራይ ውላችሁ ላይ የተጻፈው አድራሻ ነው የሚወስነው።

በአንድ ኢዳራ ሥር ያሉ የመንግሥት ትምህርት ቤቶችም አንድ ዓይነት አይደሉም። ተራው በአረብኛ ያስተምራል፣ ክፍያውም ትንሽ ነው። ድሮ «ተጅሪቢ» የሚባለው የቋንቋ ትምህርት ቤት ደግሞ ሒሳብና ሳይንስን በእንግሊዝኛ ያስተምራል፣ ክፍያውም ከፍ ይላል። ሁለት ተራ ትምህርት ቤቶችን ስታወዳድሩ ግን የግንቡን ቀለም አትዩ። ይህን እዩ፦

ፈረቃው ስንት ነው? የጠዋት ነው የከሰዓት? ማዳም ቤት ጠዋት ገብታችሁ ማታ የምትወጡ ከሆነ፣ የከሰዓት ፈረቃ ማለት ልጁ ግማሽ ቀን ብቻውን ቤት ይውላል፣ በብርዱ ወራት ደግሞ በጨለማ ይመለሳል ማለት ነው።

አንድ ክፍል ውስጥ ስንት ልጅ አለ? ትምህርት ሚኒስቴሩ በ2024 የአንድ ክፍል ተማሪ ከ50 እንዲያንስ አዟል። እስቲ አስሉት፤ ክፍለ ጊዜው 50 ደቂቃ ቢሆንና 50 ልጅ ቢኖር ለአንድ ልጅ የሚደርሰው አንድ ደቂቃ ነው። አረብኛ ገና ለሚለምድ ልጅ አትበቃም። ጎረቤቶቻችን ለማስጠናት የሚከፍሉት ለዚህ ነው። ስለዚህ «ነፃ» የተባለውን ትምህርት ቤት ከሌላው ስታወዳድሩ የማስጠኛውን ደምሩበት፤ የቶክቶኩንም ደምሩበት።

ሦስተኛ፣ መልቀቂያ ሰዓት ላይ በሩ አጠገብ ግማሽ ሰዓት ቁሙ። ልጆቹ እንዴት ይወጣሉ? ጠባቂ አለ? ጥቁር ልጅ ሲያልፍ ምን ይባላል? እዚያ የምታስተምር የሱዳን እናት ብታገኙ ከዳይሬክተሩ ይልቅ እሷን ጠይቁ። ልጃችሁ ክርስቲያን ከሆነ የሃይማኖት ክፍለ ጊዜው ለብቻው ነው፤ በዚያ ሰዓት የት እንደሚቀመጥ አስቀድማችሁ እወቁ።

በሩ ላልተከፈተልን ለብዙዎቻችን የቀረው የስደተኛ ማኅበረሰብ ትምህርት ቤት ነው። ልጁ እንደሱ ካሉ ልጆች ጋር ይውላል፣ አይሰደብም፣ መምህሩም ችግሩን ያውቃል። ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ግን በጁን 2024 ካይሮና ጊዛ ውስጥ ብዙ የሱዳን ትምህርት ቤቶች ፈቃድ የላችሁም ተብለው ሲዘጉ ልጆች ሜዳ ላይ መቅረታቸውን አይተናል። ስለዚህ ከመክፈላችሁ በፊት እነዚህን ጠይቁ፤ ፈቃድ አላችሁ? የየትኛውን አገር ሥርዓተ ትምህርት ነው የምታስተምሩት? ስድስተኛ ክፍል የደረሰ ልጅ የት ይፈተናል? አምና የጨረሱት አሁን የት ገቡ? የመጨረሻው ከሁሉ ይበልጣል። መልሱ «አይ፣ ይገባሉ» ብቻ ከሆነ ገንዘባችሁን ይዛችሁ ተመለሱ።

ዩኤን የተመዘገበ ልጅ ላላችሁ፣ በሲአርኤስ በኩል የትምህርት ድጋፍ ሲሰጥ ቆይቷል። የክፍያ ደረሰኝና የምዝገባ ማስረጃ ይጠይቃሉ። ደረሰኝ የማይሰጥ ትምህርት ቤት ርካሽ ቢመስልም ድጋፉን ያስቀርባችኋል።

ወረቀቱ ላይ ስንደርስ ጥያቄው ወደ እኛው ይመለሳል፤ ነገ የት ነን? እዚሁ የምንቆይ ከሆነ አረብኛ ይቀድማል። የሦስተኛ አገር ፕሮሰስ የጀመራችሁ ለእንግሊዝኛው ክብደት ስጡ። አገር ቤት የምትገቡ ደግሞ እዚያ ሥርዓቱ አሁን 6-2-4 መሆኑን እወቁ፤ ስድስተኛና ስምንተኛ ላይ ፈተና አለ። ፊደል ያልቆጠረ የአሥር ዓመት ልጅ ከትናንሽ ልጆች ጋር ይቀመጣል፣ ያፍራል፣ ይተወዋል። የትም ይማር፣ ማታ ማታ ሀ ሁ አስቆጥሩት። ካርዱን፣ የክትባት ወረቀቱን፣ ደረሰኙን ሁሉ በአንድ ፌስታል አድርጋችሁ አስቀምጡ፤ ፎቶም አንሱት።

አንድ ነገር ግን በግልጽ ልናገር። ስናወዳድር ብዙ ጊዜ አንደኛውን የምንረሳው አለ፤ እሱም ቤት ነው። «ጥሩው እስኪገኝ ይቆይ» ብለን በር ቆልፈንባቸው ሥራ የምንሄድባቸው ልጆች አሉ። ታናናሾቿን ስታዝል ሁለት ዓመት ያለፋት የዘጠኝ ዓመት ልጅ እዚሁ ሰፈራችን አለች። የተጨናነቀ ክፍል ከተቆለፈ ክፍል ይሻላል። አባቶቻችን «ከመጠምጠም መማር ይቅደም» ያሉት መጀመሪያ ይግባ፣ ማዕረጉ ኋላ ይመጣል ማለታቸው ነው።

ማኅበሩ አንድ ደብተር ከፍቷል። እያንዳንዳችሁ ልጃችሁ ስለሚማርበት ትምህርት ቤት አምስት ነገር አስመዝግቡ፤ ፈረቃ፣ የክፍል ተማሪ ብዛት፣ ጠቅላላ ወጪ፣ የሚሰጠው ወረቀት፣ ልጁ ሲመለስ ፊቱ ምን እንደሚመስል። የእናንተን አምስት መስመር አዲስ የመጣች እህት ታነብበታለች፤ ማንበብ ካልቻለችም እናነብላታለን። በአንድ መንገድ የሚሄዱ ልጆች ያሏችሁም ዛሬ ከመውጣታችሁ በፊት ተያዩ፤ አራት እናቶች ተራ ቢገቡ አንዷ ከሥራ የምትቀረው በወር ጥቂት ቀን ብቻ ነው። ደብተሩ በሩ አጠገብ ጠረጴዛው ላይ ነው። እስክሪብቶም አለ።