ከቧንቧው አጠገብ ሊሠራ ስለታሰበው ሕንፃ፤ በማኅበራችን ወርኃዊ ስብሰባ ላይ በጸሐፊው የተደረገ ንግግር



ዛሬ የምናነሣው ጉዳይ ከመንገዱ ማዶ ባለው ባዶ ሜዳ ላይ ሊሠራ ስለታሰበው ሕንፃ ነው። ማዘጋጃ ቤቱ በሜዳው ጥግ ሰሌዳ ከተከለ ሳምንት አልፎታል። ጽሑፉ እንግሊዝኛ ስለሆነ ብዙ ሰው የሚሸጥ መሬት መስሎት ያልፈዋል። የሚለው ግን ባለ 4 ፎቅ መኖሪያ፣ ከሥሩም የሕፃናት መዋያ ይሠራል ነው።

ማኅበራችን ቤት መሠራቱን አይጠላም። የቤት ኪራይ የት እንደደረሰ ለእናንተ አንነግራችሁም። ልጅ የሚያውሉበት አጥተው በፈረቃ የሚተላለፉ ባልና ሚስቶችም በመካከላችን አሉ። ነገሩ ወዲህ ነው፤ በሜዳው ዳር ቢጫ ምልክቶች ቆመዋል፣ ከሥራቸው የነዳጅ ቧንቧ ያልፋል። የመዋያው ግድግዳ ከምልክቱ 60 እርምጃ አይሞላም።

ቧንቧው ኦሊምፒክ የሚባለው ነው። በጠቅላላው 400 ማይል ያህል ርዝመት ሲኖረው፣ በሰሜን ዋሽንግተን ካሉት ማጣሪያዎች እስከ ኦሬጎን ፖርትላንድ ድረስ ቤንዚን፣ ናፍጣና የአውሮፕላን ነዳጅ ያደርሳል። ሲታክ አውሮፕላን ማረፊያ የምትሠሩ ወገኖቻችን በየቀኑ የምታዩአቸው አውሮፕላኖች የሚቀዱት ነዳጅ በዚሁ የሚመጣ ነው። ስለሆነም ቧንቧው ይነቀል የሚል ሐሳብ ካለ ጊዜያችንን ባይወስድ ይሻላል።

ይኸው ቧንቧ ጁን 10 ቀን 1999 (ዘመኑ ሁሉ በፈረንጆች ነው) በቤሊንግሃም ከተማ ፈንድቶ 237,000 ጋሎን ያህል ቤንዚን ወደ ወንዝ ፈሰሰ። ቤንዚኑ ውኃውን ተከትሎ ወረደ፣ ከዚያም ተቀጣጠለ። ሁለት የ10 ዓመት ልጆችና ዓሣ ያጠምድ የነበረ አንድ የ18 ዓመት ወጣት ሞቱ። መርማሪዎች በ2002 ባወጡት ሪፖርት ከዘረዘሯቸው ምክንያቶች አንዱ ልብ ሊባል ይገባል፤ በ1994 በአጠገቡ ለውኃ ማጣሪያ ሥራ በተደረገ ቁፋሮ ቧንቧው ተጎድቶ ነበር። የቫልቩና የኮምፒዩተሩ ጉድለትም ተጨምሮበታል። የተጫረው ብረት ግን 5 ዓመት ሙሉ ከመሬት በታች ዝም ብሎ ቆየ። በእኛም ሜዳ ቁፋሮ ሊጀመር ነው እኮ!

"ታዲያ ማዘጋጃ ቤቱ ለምን አያስቆምም?" ብላችሁ ጠይቃችኋል። የቧንቧውን ውፍረት፣ ግፊቱንና የምርመራውን ደንብ የሚያወጣው የፌዴራሉ መንግሥት ነው፤ ከተማው በዚያ እጁን ማስገባት አይችልም። በመሬቱ ላይ ግን ሥልጣን አለው። ምን እንደሚሠራ፣ ከቧንቧው ምን ያህል እንደሚርቅ፣ በየት በኩል መውጫ እንደሚኖረው የሚወስነው ከተማው ነው። በ2010 የፌዴራሉ መሥሪያ ቤት ከከተሞች፣ ከቧንቧ ኩባንያዎችና ከሌሎችም ጋር ሆኖ ያወጣው የምክር መጽሐፍ፣ ከቧንቧው በ1,000 ጫማ (300 ሜትር ገደማ) ውስጥ ግንባታ ያሰበ ሰው አስቀድሞ ከቧንቧው ባለቤት ጋር ይመካከር ይላል። ይህ ምክር ነው፣ ሕግ የሚሆነው ከተማው ሲያጸድቀው ነው። ጎረቤታችን ሬድመንድ ለዚሁ ቧንቧ የራሱን ደንብ አውጥቷል፤ ትምህርት ቤትንና ይህን የመሳሰለ ሕዝብ የሚበዛበትን ቤት በአጠገቡ መሥራትን ይገድባል።

ርቀት ብቻውንም አይበቃም። ጋዝ ሲፈነዳ ዙሪያውን ያቃጥላል፣ ቤንዚን ግን ቁልቁለትና ቦይ እየፈለገ ይሄዳል። የእኛ ሜዳ ደግሞ ወደዚህ ወደ መንገዱ ያዘነብላል፤ በክረምት ጎርፉ የት እንደሚወርድ ምድር ቤት የሚኖሩት ይንገሯችሁ። መዋያው የታሰበው በዚሁ በዝቅተኛው በኩል ነው።

የማኅበሩ ኮሚቴ ማዘጋጃ ቤት ሄዶ የግንባታውን ፋይል ተመልክቷል። ከማመልከቻው ጋር ስቴቱ የሚያስሞላው የአካባቢ ጥበቃ ቅጽ አለ። ቅጹ በቦታውና በአቅራቢያው ከመሬት በታች የነዳጅ ወይም የጋዝ ማስተላለፊያ ቧንቧ መኖሩን ግለጹ ይላል። አሠሪው የሰጠው መልስ "የሚታወቅ የለም" የሚል ነው። ቢጫው ምልክት እኮ ከመንገድ ይታያል! የሌለ ከተባለ ማንም ባለሙያ ስለ ርቀቱም ሆነ ስለ ቁልቁለቱ አይጠይቅም፤ ፈቃዱ እንዲሁ ያልፋል። ፈቃድ ከወጣና ግድግዳው ከቆመ በኋላ ማን ሊያፈርሰው?

ስለዚህ በተዘጋጀው ደብዳቤ የምንጠይቀው ይህን ነው። ቅጹ ታርሞ ይሞላ። የቧንቧው ባለቤት በፕላኑ ላይ አስተያየት ይስጥ። የመኪና ማቆሚያው ወደ ቧንቧው በኩል ይዙር፣ መዋያው ወደ ላይኛው ጥግ ይውጣ። ከቧንቧው በተቃራኒ ሁለተኛ መውጫ ይከፈት። ቁፋሮ ሲካሄድ የቧንቧው ባለቤት ሰው በቦታው ይገኝ። ቤቱ አይሠራ አላልንም፤ ይህን ለሚያወሩ ንገሩልን።

የስቴቱ ሕግ ለአስተያየት ከ14 ቀን ያላነሰ፣ ከ30 ቀን ያልበለጠ ጊዜ ይሰጣል። በእኛ ሰሌዳ ላይ የቀረው 9 ቀን ነው። ሕጉ አስተያየት የሚሰጠው "ማንኛውም ሰው" ነው ይላል፤ ዜግነት አይጠይቅም። "ወረቀቴ ገና ነው" ብላችሁ የምትሸሹ ይህን ስሙ። በአማርኛ የምትጽፉትን ወጣቶቻችን ይተረጉማሉ። ስማችሁንና አድራሻችሁን በትክክል ጻፉ፤ ውሳኔው የሚላክላችሁ በዚያ ነው።

በየጓሯችን ጎመን ለመትከልም ሆነ አጥር ለማቆም የምንቆፍር ደግሞ፣ ቢያንስ ከ2 ሙሉ የሥራ ቀን በፊት 811 እንደውል። አገልግሎቱ በነፃ ነው። ቢጫው ምልክት ቧንቧው በአካባቢው መኖሩን እንጂ ጥልቀቱንና ትክክለኛ ቦታውን አያሳይም፤ "ከምልክቱ ራቅ ብያለሁ" ማለት ዋስትና አይሆንም። የቤንዚን ሽታ ከመጣ መኪና ሳታስነሡ፣ ክብሪት ሳትጭሩ፣ በእግራችሁ ወደ ላይ፣ ነፋሱ ወደሚመጣበት አቅጣጫ ሂዱና ከራቃችሁ በኋላ 911 ደውሉ።

ደብዳቤው ከቡና ቤቱ ጎን ባለው ጠረጴዛ ላይ ነው። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ፣ ሌሎቻችሁም በማንኛውም ምሽት መጥታችሁ ፈርሙ። ሰኞ ጧት ኮሚቴው ለማዘጋጃ ቤቱ አስረክቦ የተቀበሉበትን ማኅተም ያለበት ቅጂ በዚሁ ሰሌዳ ላይ ይለጥፋል።