ዓሣ ግማቱ ከአናቱ

 

ዛሬ የምንነጋገረው ስለ ዓሣ ጥብስ ነው። በጣና ዳር ለምንኖር ሰዎች ዓሣ ብርቅ አይደለም። ይሁን እንጂ አመራረጡንና አጠባበሱን ካላወቅንበት በሽታ ላይ ይጥለናል። እስቲ ከራሴ ልጀምር።

አንድ ቀን ከገበያ ስመለስ መሽቶ ነበር። አንድ ነጋዴ የተረፉትን ዓሣዎች በግማሽ ዋጋ ሰጠኝ። ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ላይ ውለዋል። ሽታቸው ደስ ባይለኝም «እሳት የማይገድለው ምን አለ?» ብዬ ገዛኋቸው። እቤት ደህና አድርገን ጠበስናቸው፤ አዋዜም አበዛንበት። ሌሊቱን ግን ልጆቼን ሲያስመልሳቸውና ሲያስቀምጣቸው አደረ። ትንሿን ጤና ጣቢያ ወስደናት እስኪሻላት ድረስ ነፍሴ አልተመለሰችም።

ያን ጊዜ አንድ ነገር ተማርኩ። እሳት ጥሬውን ያበስላል እንጂ የተበላሸውን አያድስም። ዓሣ ሲበላሽ በሥጋው ውስጥ መርዝ ሊፈጠር ይችላል። ጀርሞቹ በእሳት ቢሞቱም መርዙ ይቀራል።

እንግዲህ ስንገዛ ምን እንመልከት? «ዓሣ ግማቱ ከአናቱ» ይባላል። ተረቱ የተነገረው ለሰው ቢሆንም ለዓሣ ገዢም ይሠራል። ስለዚህ ከራሱ እንጀምር።

1ኛ/ ዓይኑን እንይ። የደህና ዓሣ ዓይን ጥርት ያለና ወጣ ያለ ነው። የቆየው ይደፈርሳል፤ ወደ ውስጥም ይጎደጉዳል።

2ኛ/ ከጉንጩ ላይ ያለውን ክዳን ገልጠን ስንጥቡን እንይ። ስንጥብ ማለት ዓሣ የሚተነፍስበት ነው። ቀይ ከሆነ ደህና ነው። ቡናማ ወይም አመድማ ከሆነና ከሸተተ እንተወው።

3ኛ/ ሥጋውን በጣት ጫን እናድርገው። ወዲያው ከተመለሰ ደህና ነው። ጎድጉዶ ከቀረ ቆይቷል።

ለጥብስ ቆሮሶ ይመቻል። ገና እንደተገዛ ሆድ ዕቃውን እናውጣ፤ ቅርፊቱን እንቅረፍ፤ በንጹሕ ውሃ እንጠበው። መንገዱ ሩቅ ከሆነ በእርጥብ ቅጠል ሸፍነን ጥላ ለጥላ እንሂድ። ከዚያ ጎንና ጎኑን በቢላዋ ተልትለን በጨውና በሎሚ እንሸው።

ነበልባል ላይ አንጥበስ። ላዩ ያርራል፤ ውስጡ ጥሬ ይቀራል። እሳቱ ፍም ሆኖ አመድ ሲለብስ ሽቦውን እንጣድ። ዓሣው እንዳይጣበቅ ዘይት እንቀባው። መካከለኛ ቆሮሶ ለአንድ ጎን 8 ደቂቃ ያህል ይበቃዋል። ቶሎ ቶሎ አናገላብጠው፤ ይፈራርሳል።

ሰዓት የሌለን ምን እናድርግ? በወፍራሙ በኩል ከፈት አድርገን እንይ። ሥጋው ነጭ ሆኖ ከአጥንቱ በቀላሉ ከለቀቀ በስሏል። ካልለቀቀ ወደ ፍሙ ይመለስ። ጥሬ ዓሣ ትላትል ሊኖርበት ስለሚችል ለጤና አይበጅም።

በዚያ ምሽት ያተረፍኩት ጥቂት ብር ነው። ለመድኃኒት ያወጣሁት ግን ከዚያ በለጠ። በሉ፣ ነገ ገበያ ስትወጡ ዋጋውን ከመጠየቃችሁ በፊት ዓይኑን እዩ።

ጥያቄዎች

1/ የተበላሸ ዓሣ ደህና ተደርጎ ቢጠበስም ለምን ያሳምማል?

2/ ዓሣ መብሰሉ በምን ይታወቃል?