በአንድ ኢቃማ ሁለት ቤት አይሠራም
(የማኅበራችን ጸሐፊ በወርኃዊው ስብሰባ ላይ ለነዋሪዎች ያሰሙት ንግግር)



የዛሬው ጉዳይ ልጃቸውን ዓረብ አገር የላኩትንም፣ ነገ የሚልኩትንም ይመለከታል። ልጅቷ ስትደውል፣ «በዕረፍትሽ ቀን ሌላ ቤት አትሠሪም ወይ? ዕዳው አልተከፈለም እኮ» የምንል ብዙ ነን። በክፋት አይደለም፤ ችግር ነው የሚያናግረን። ቢሆንም ሕጉን ማወቅ አለብን።

ሳዑዲ ዓረቢያን እንውሰድ። ኢቃማ የሚባለው የመኖሪያ ፈቃድ ከአንድ አሠሪ ጋር የተያያዘ ነው። ያለ ሕጋዊ ሥርዓት አሠሪው ሠራተኛውን ለሌላ ሰው ማሠራት፣ ሠራተኛውም በግሉ ሌላ ሥራ መያዝ ክልክል ነው። በ2013 ዓ.ም. አሠሪ መቀየርን የሚያቃልል ማሻሻያ ሲወጣም የቤት ሠራተኞችን አላካተተም።

«እመቤቴ ፈቅዳልኛለች» የምትል ትኖራለች። የቃል ፈቃድ ወረቀት አይሆንም። በሁለተኛው ቤት ደመወዝ ብትከለከል ወይም ብትጎዳ በእጇ ምን ውል አለ? አሠሪው «ጠፍታለች» ብሎ ካስመዘገበ ደግሞ፣ ሁሩብ የሚሉት ማለት ነው፣ መያዝና መባረር ይከተላል። በ2006 ዓ.ም. ከዚያ አገር ከ160 ሺህ በላይ ወገኖቻችን ተመልሰዋል። ያ ዘመቻ ወረቀት የሌላቸውን ብቻ ሳይሆን ከስፖንሰራቸው ውጭ የሚሠሩትንም የሚመለከት ነበር።

ሳትፈልግ ዘመድ ቤት እያዞሩ የሚያሠሯት ከሆነ ግን ጥፋቱ የእርሷ አይደለም። ለላካት ኤጀንሲና ለቆንስላችን ታስታውቅ፤ እኛም ከዚህ እንወትውት።

ሕጉ አገር ለአገር ይለያያል። እንግሊዝ አገር በአሠሪ ስፖንሰርነት የሠለጠነ ሠራተኛ ቪዛ ያለው ሰው፣ ዋናውን ሥራ ሳይለቅ፣ ከሥራ ሰዓቱ ውጭ በሳምንት እስከ 20 ሰዓት በተፈቀዱ የሥራ ዓይነቶች መቀጠር ይችላል። እንግዲህ ለንደን ያለው የጎረቤት ልጅ ሁለት ሥራ ያዘ ተብሎ ሪያድ ያለችው አትገፋ።

«ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ቢሰበር በአንዱ ተንጠልጠል» ይባላል። እዚያ ግን ሁለተኛው ባላ የመጀመሪያውን ይሰብረዋል።

ስለዚህ ሦስት ነገር አደራ እላለሁ፦

1ኛ/ የልጃችሁን የሥራ ውልና የፓስፖርት ቅጂ እቤት አስቀምጡ፤
2ኛ/ ተጨማሪ ሥራ ከመጀመሯ በፊት በጽሑፍ የተሰጠ ሕጋዊ ፈቃድ መኖሩን ጠይቁ፤
3ኛ/ ስትደውል ከብሩ በፊት ደኅንነቷን ጠይቁ። ዕዳ ቀስ ተብሎ ይከፈላል፤ ልጅ ግን አይተካም።