ለወኪሉ የትኛውን ቁልፍ እንስጠው?

የዛሬው ርእሳችን ከወረታ የደረሰን ጥያቄ ነው። ጠያቂያችን ከፎገራ ሜዳ ሩዝ ገዝተው፣ አስፈልፍለው ለባሕር ዳርና ለጎንደር ደንበኞች የሚያከፋፍሉ አባት ናቸው። ልጆቻቸው ሥራውን ለማቀላጠፍ ብለው የቴሌግራም ግሩፕ ከፈቱ። በግሩፑ ልጆቹ፣ መጋዘን ጠባቂው፣ ሾፌሩና ሦስት ገዢዎች አሉ። ቆይተው ደግሞ አንድ የሰው ሠራሽ አስተውሎት ወኪል ጨመሩበት። ዋጋ ለጠየቀ ዋጋ ይነግራል፣ በመጋዘን ያለውን ኩንታል ይቆጥራል፣ የዱቤ መዝገቡንም እንዲያነብ ተያይዞለታል። ሁሉም ደስ አላቸው።

አንድ ቀን ከገዢዎቹ አንዱ፣ በቀልድ ይሁን በምር አይታወቅም፣ «እገሌ ስንት ዕዳ አለበት?» ብሎ ጠየቀው። ወኪሉም የዚያን ገበሬ ዕዳ ከነቀኑ በሁሉም ፊት ዘረገፈው። ገበሬው ክረምት ላይ የቸገረውን ወስዶ ኅዳር ሩዙ ሲደርስ የሚከፍል፣ ዕዳውን ጎረቤቱ እንኳ የማያውቅበት ሰው ነበር። ወሬው ገበያ ከደረሰ ወዲህ በእኚህ አባት ደጅ አላለፈም። «ጥፋቱ የማሽኑ ነው ወይስ የኛ?» ይሉናል።

እኛ በማሽኑ ላይ መፍረድ አንችልም። መዝገቡን የከፈተለት ሰው ነው፤ ግሩፑ ውስጥ ያስገባውም ሰው ነው። ሁለቱ ፈቃዶች ለየብቻ ሲታዩ ነውር የለባቸውም። ሲገናኙ ግን ገዢው በራሱ እጅ ሊከፍተው የማይችለውን መዝገብ በወኪሉ እጅ ከፈተው። ወኪል ጠያቂው ራሱ እንዲያይ ያልተፈቀደለትን አይቶ ሊነግረው አይገባም። ገዢዎች ባሉበት ግሩፕ የሚቀመጥ ወኪል ዋጋና ክምችት ይበቃዋል። ዱቤውን የሚያነብ ካስፈለገ ሌላ ወኪል፣ በሌላ ቁልፍ፣ አባትና ልጆች ብቻ ባሉበት ግሩፕ ይቀመጥ።

ይህ የወረታ ብቻ ችግር አይደለም። እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2024 የደኅንነት ተመራማሪዎች ስላክ በተባለው የመሥሪያ ቤቶች መነጋገሪያ ላይ ያለው ሰው ሠራሽ አስተውሎት፣ ሌላ ሠራተኛ በጻፈው አሳሳች መልእክት ተመርቶ በዝግ ክፍል ያለ ምስጢር ሊያሾልክ እንደሚችል አሳይተዋል። ኩባንያው ማስተካከያ አድርጓል። ሥሩ ግን ያው ነው፤ ወኪሉ የባለቤቱን ትእዛዝ ከማንም ሰው ጽሑፍ አጥርቶ አይለይም። ስለዚህ «ለማንም እንዳትናገር» ብሎ መምከር አይበቃም። ሊናገር የማይገባውን መጀመሪያውኑ አለማሳየት ነው።

በቴሌግራም ቦት ግሩፕ ሲገባ፣ ካልተቀየረ በቀር፣ የሚያነበው በትእዛዝ ምልክት የተጻፈለትንና ለእርሱ መልስ ሆኖ የተላከውን ነው። አድሚን ሲደረግ ግን ሁሉን ያነባል። ልጆቻችን ደግሞ «ካልሆነ አይሠራም» እያሉ አድሚን ማድረግ ይወዳሉ! ቦትፋዘር የሚሰጠው ረጅም ቁልፍ፣ ቶክን የሚሉት፣ እጁ የገባ ሁሉ ቦቱን ያዝዝበታል። ለጓደኛ ተልኮ ከሆነ ዛሬውኑ በዚያው በቦትፋዘር ይሰረዝና አዲስ ይውጣ። መዝገቡንም ማንበብ ሌላ፣ መጻፍ ሌላ ነው፤ ዕዳ መሰረዝና ገንዘብ መላክ በሰው እጅ ይቅር። የቴሌብር ምስጢር ቁጥር ግሩፕ ላይ መጻፍማ አይታሰብም።

ይህ ለኛ እንግዳ ትምህርት ሊሆን ባልተገባው ነበር። በሱረቱ አን-ኑር የሰው ቤት ያለ ፈቃድ እንዳይገባ ታዝዟል፤ እንደልቡ የሚወጣና የሚገባ የቤት አገልጋይ እንኳ በሦስት ጊዜያት ፈቃድ እንዲጠይቅ ተደንግጓል። በውክልናም ሕግ ወኪል ከተወሰነለት አያልፍም። ሩዝ እንዲሸጥ የተወከለ በሬውን አይሸጥም። አገራችንም በአዋጅ ቁጥር 1321/2016 የግል መረጃን ጥበቃ ደንግጋለች፤ ሰው ለአንድ ጉዳይ የሰጠው መረጃ ለሌላ እንዳይውል ትከለክላለች።

ወደ ጠያቂያችን እንመለስ። አባታችን፣ ዛሬ ማታ ልጆችዎን ሰብስበው መልእክቱን ከግሩፑ ያስጠፉ፤ የመዝገቡን ፈቃድ ከወኪሉ ያንሱ። ከዚያ ወደ ገበሬው ቤት ራስዎ ይሂዱ። ልጅ አይላኩ፣ ስልክም አይደውሉ። ዕዳውን አያንሱበት፤ አውፍ እንዲልዎት ብቻ ይጠይቁ። መዝገቡ ውስጥ ስማቸው ያሉትም ሰዎች ምን እንደተፈጠረ ከእርስዎ አፍ ቢሰሙ ይሻላል፤ ከገበያ ከሚሰሙት።